አዋጁን ፍታልኝ ያልኩበት ቀን

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በሬዲዮ ሲነገር ገብስ እያጨድን ነበር። ማጨዳችንን አላቆምንም፤ አዋጅ የከተማ ነገር መስሎን ነበር። ብዙም ሳይቆይ መካነ ኢየሱስ ከተማ የሚያስተምረውን ልጄን ከክፍል ጠርተው ወሰዱት። ተማሪዎች ሰልፍ ሲወጡ አብሯቸው ቆሞ ታይቷል አሉ።

ስንቅ ቋጥሬ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። «እኛ ጋ የለም፤ ኮማንድ ፖስቱ ነው የያዘው» አሉኝ። ፍርድ ቤት ሄድኩ። አንድ ጸሐፊ አዘነልኝና «እናቴ፣ በአዋጅ የተያዘ ሰው እኛን አይመለከትም» አለኝ። ስንቁን ይዤ ተመለስኩ።

ሰፈር ውስጥም መጠያየቅ ቀረ። ሰው ቤት ተሰብስቦ ማውራት ተከልክሏል። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እንኳ ሰላምታ እያሳጠርን እንበተን ነበር። ቀኑን ሙሉ ልጄን አስባለሁ፤ ስሙን ግን ጮክ ብዬ አልጠራም።

በኋላ አንድ ነገር መጣልኝ። በእኛ አገር ካህን አንድ ነገር ከገዘቱ፣ ግዝቱን የሚያነሡት ራሳቸው ናቸው። ያጠፋው ሰው እግራቸው ላይ ወድቆ «ይፍቱኝ» ይላቸዋል፤ ይፈቱታል። አዋጁን ደግሞ ያጸደቁት የሕዝብ ተወካዮች ናቸው ተብሏል። የእኛ ተወካይ የጽዋ ማኅበር ጓደኛዬ ልጅ ነው። መርጠን የላክነው እኛ ነን። እሱ ካሰረው እሱ ይፈታዋል ብዬ አመንኩ።

እናቱን ሊጠይቅ መምጣቱን ስሰማ ነጠላዬን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቄ ሄድኩ። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ያዘኝ።

«ኧረ እትዬ፣ ይተዉ፤ ነውር ነው።»

«ልጄ ታስሯል። አዋጁን ፍታልኝ።»

«እኔ?»

«አንተ አይደለህ ያወጣኸው?»

«ብቻዬን አይደለሁም። ሁላችንም እጅ አውጥተን ነው።»

«እንግዲያው ሁላችሁም ፍቱት።»

እናቱ ጠላ እየቀዳች ጣልቃ ገባች። «እሱ ድሮም ተማሪ ቤት ጥያቄው ሳያልቅ ነው እጁን የሚያወጣው።»

ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ። ከዚያ «አንድም ሰው እምቢ አላለም?» አልኩት።

«ማን እምቢ ይላል? እዚያ ያለነው ሁላችንም የአንድ ወገን ሰዎች ነን።»

«ታዲያ እዚያ ምን ትሠራላችሁ?»

ተነሥቶ በሩን ዘጋው። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ጓዳ አስቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እትዬ፣ ነገሩን የያዙት አሁን ሌሎች ናቸው። እኔም እዚህ የመጣሁት አስፈቅጄ ነው። ስለ ልጅዎ ብጠይቅ ‹ምንህ ነው?› ይሉኛል። እባክዎ፣ እኔን ማነጋገርዎን ለማንም አይንገሩ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። አስሮ፣ መፍቻውን ለሌላ ሰጥቶ ነው የመጣው።

እናቱ ከዚያ ወዲያ አልቀለደችም። እስከ አጥሩ ድረስ ሸኘችኝ።

«እኔን እንዳትጠይኝ» አለችኝ።

«ምን ብዬ እጠላሻለሁ። አንቺም ለልጅሽ እየፈራሽ ነው።»

ከዚያ በኋላ የቀረኝ ጾምና ስግደት ነበር። እመቤቴን ለመንኳት። ከጥምቀት በኋላ ልጄ ተለቀቀ። እስሩን ሥልጠና ነበር ብለውታል። ራሱን ተላጭቶ፣ ከስቶ መጣ። ማን እንዳስፈታው አላውቅም፤ እኔ የማመሰግነው አንድ እግዚአብሔርን ነው።

አዋጁ ግን ገና አልተነሣም ነበር። «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» ሊሉት የመጡት ጎረቤቶች አንድ ላይ መግባት ፈሩ። ሁለት ሁለት እየሆኑ ገቡ። ስመውት፣ ሳይቀመጡ ወጡ። ሌሎቹ እንደ መንገደኛ ከአጥሩ ውጭ ወዲያ ወዲህ እያሉ ተራቸውን ጠበቁ። አንድ ሽማግሌ «ለቅሶም እንዲህ አልደረስንም፣ እንኳን ደስታ» ብለው እየሣቁ ወጡ፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሮ ነበር። ያዘጋጀሁትን ጠላ የቀመሰው የለም። ምን አደረጉህ ብሎ የጠየቀውም የለም፤ እሱም አልተናገረም።

የመጨረሻዎቹ ሲወጡ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ «እማ፣ ጋደም ልበል ወይስ ሌላ የሚመጣ አለ?» አለኝ።

«ጋደም በል፤ የለም» አልኩት።

መደቡ ላይ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ተጋደመ። ጫማውን አላወለቀም። እኔም አውልቅ አላልኩትም። ልጄን ስለመለሰልኝ እያመሰገንኩ አጠገቡ ተቀመጥኩ።