የሰባተኛው ፎቅ ወፍጮ

ባሌ ቦንሺክ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በኢንቾን ከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ማንም ጩኸትህ በዛ ብሎት አያውቅም። ጡረታ ወጥቶ ለኤስፕሬሶ የሚሆን የኤሌክትሪክ ቡና መፍጫ መርጦ ሲገዛ ግን ጣጣው መጣ። "ቡናው እንደ ዱቄት ካልላመ ውሃው ዝም ብሎ ያልፋል" እያለ በየጠዋቱ ይፈጫል፤ የሕንፃው ዘበኛም በየጠዋቱ ይደውላል።

"ጋሼ፣ ከሥርዎ ያሉት ወይዘሮ ጣሪያው ሊወርድብኝ ነው ይላሉ።"

ባሌ ከመፍጫው ሥር ብርድ ልብስ አነጠፈ። መታጠቢያ ቤት ወስዶ ፈጨ። ስልኩ አልቆመም።

"አንተ ሰውዬ፣ ሽጠውና እንረፍ!" አልኩት።

በሰፈሩ የአሮጌ ዕቃ መሸጫ የስልክ መተግበሪያ ላይ አውጥቶ ማስክ ላደረገ አንድ የማያውቀው ሰው ግቢው በር ላይ አስረከበው፤ ለራሱም በእጅ የሚዞር ገዛ። ለአንዲት ሲኒ ትከሻው እስኪገነጠል ያዞራል፤ ድምፁ ግን ከአይጥ አይበልጥም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከጣሪያችን በላይ አንድ ነገር አጓራ። ባሌ ቀና ብሎ አዳመጠና የሸጠውን መፍጫ ድምፅ ሲለይ ፊቱ ጠቆረ። ገዢው ለካ የስምንተኛ ፎቁ ጎረቤታችን ኖሯል!

ወዲያው ስልኩ ጮኸ።

"ጋሼ፣ ዛሬም ይፈጫሉ?"

ባሌ የእጅ መፍጫውን እንዳቀፈ ወደ ጣሪያው አየ።

"እኔ እኮ አይደለሁም" አለ፤ "መፍጫዬ ነው።"