የሰባ ሁለት ቁጥር እናት

በዚያ የአላባማ ከተማ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሁለት ልጆች ሲያወዳድር ይውላል። በኮሌጁ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን የአምናው ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪ፣ ሃቺንስ ቡድኑን ገደል ከተተው፤ ዘንድሮ ኳሱን የሚወረውረው ኮልተን ደግሞ አንድም ጨዋታ አልተሸነፈም። ወሬው ይኸው ነው። የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምትነዳው ኤርነስቲን ቶሊቨር ይህን በሰማች ቁጥር ደሟ ይፈላል።

«ሃቺንስማ ፈሪ ነበር» አለ ፀጉር አስተካካዩ ፐርቪስ፣ ዓርብ ዕለት ጥብስ ቤት ተሰልፈው ሳለ። «ኳሱን ይዞ ይደናበራል። ኮልተን ግን ወንድ ነው! ቆም ይልና አይቶ ይወረውራል።»

«ቆም የሚለው ማን ከልሎለት ነው?» ጮኸች ኤርነስቲን። «አምና ልጄ ጉልበቱን ኦፕራሲዮን ሆኖ ተኝቶ ነበር። በሱ በኩል የመጣው ተጋጣሚ ሁሉ ሃቺንስን ሲረግጠው ከረመ። ዘንድሮ ዴሻን ተመልሶ ከፊት ሲቆም፣ ኮልተን ጀግና ሆነላችሁ! ዓይን የላችሁም እንዴ?»

«ኧረ ቀስ በይ፣ ጥብስ ሻጩ ደንግጦ ጥብሱን እንዳይደፋብን!» ብሎ ሳቀባት።

ያንገበገባት ግን የፐርቪስ ሳቅ ብቻ አልነበረም። የዴሻን ጉልበት እንደገና አብጧል። ሐኪሙ አንዴ ከተመታ ዳግመኛ አይሮጥም ብሏል። አሰልጣኙ «አንተ ከሌለህ ኮልተን አለቀለት» አለው፤ ያ ሞኝ ልጅም እሺ፣ እጫወታለሁ አለ። በስልክ ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ አለቀሰችበት።

«እማ፣ ቡድኔን ጥዬ?» አላት።

ድራሹ ይጥፋ ቡድኑ!

ቅዳሜ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ ኮልተን ኳሱን ወደ ላይ ለቀቀው። ስታዲየሙ በሙሉ አንጋጦ ተከተለው። ኤርነስቲን ግን ዓይኗን ከልጇ ከሰባ ሁለት ቁጥር ማሊያ አልነቀለችም። ሁለት ግዙፍ ሰዎች ጉልበቱ ላይ ሲወድቁበት አየች። ዙሪያዋ በጩኸት ተናወጠ። አጠገቧ የተቀመጠው ፐርቪስ ዘሎ አቀፋት።

«አየሽው? አየሽው ኮልተንን?»

«ልጄ ወድቋል፣ አንተ ደነዝ!»

ገፍትራው ወረደች። የሜዳውን ዘበኛ እንዴት እንዳለፈችው እግዜር ይወቀው።

ዴሻን ቃሬዛ ላይ ነበር፤ አፉ ሣር ሞልቶታል፣ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። እጇን ጨምቆ ያዘ።

«እማ፣ ኳሱን ያዙት? ነጥብ ገባ?»

የገዛ ልጇም ስለ ኳሱ! ከወዲያ ተጫዋቾቹ ኮልተንን ትከሻቸው ላይ አውጥተው ይዘፍናሉ። 

«አላየሁም» አለችው።