አባቴ ያስጠናኝ እንግሊዝኛ

ጠዋት ጠዋት በገላን ኮንዶሚኒየም ከመስኮታችን ፊት ለፊት ያለው የትምህርት ቤት ድምፅ ማጉያ ሲንኮሻኮሽ፣ ጎልማሳ ሆኜም ጆሮዬ ይግላል።

አባቴ አቃቂ በክር ፋብሪካ በፈረቃ ይሠራ ነበር። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ጥጥ የተጣበቀበትን ቱታ ሳያወልቅ ከጎኔ ዱካ ላይ ተቀምጦ እንግሊዝኛ ያስጠናኝ ነበር። እሱን ያስተማረው ሰው አልነበረም፤ ፊደላቱን ለይቶ፣ እንደ አማርኛው አንዱንም ሳያስቀር ይጠራቸዋል። ቢላዋን «ክኒፌ»፣ አዳምጡ ለማለት «ሊስተን» ይል ነበር። አንዷን ከዘለልኩ መጽሐፉን በጣቱ መታ መታ አድርጎ፣ «ይቺስ? ለጌጥ ነው የተቀመጠችው? ፊደል የሚዘል ሰነፍ ነው» ይለኝ ነበር።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት፣ በጠዋት ሰልፍ እንግሊዝኛ እንዳነብ ተመረጥኩ። አባቴ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ፣ ቤት ሳይገባ መጥቶ ከአጥሩ ውጭ ቆመ። ማይኩን ይዤ ጮክ ብዬ «ሊስተን!» ስል ግቢው በሳቅ ተናጋ። መምህሩ «ሊሰን» ብሎ አረመኝ፤ ከፊት የቆመ ልጅ ደግሞ፣ «አንተ ፋራ፣ ማን ነው ያስተማረህ?» ብሎ ጮኸ። ሳላስበው ወደ አጥሩ አየሁ፤ አባቴ ፊቱን አዙሮ ነበር።

ማታ ምን እንዳሳቃቸው ጠየቀኝ።

«አባባ፣ ፊደሏ ትጻፋለች እንጂ አትጠራም አሉ።»

«ታዲያ ለምን ጻፏት?» አለና፣ «እኔ ነኝ ያሳቅኩብህ» ብሎ ዱካውን አንስቶ ወደ በሩ ሄደ።

በጋውን ሁሉ ብቻዬን አጠናሁ። «ና ቁጭ በል» ልለው አስብና እተወው ነበር፤ እሱም ተመልሶ ከጎኔ አልተቀመጠም። አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን አቋርጬ እዚያው ፋብሪካ ስገባ፣ የቀረኝን እንግሊዝኛ ከራዲዮ ለቀምኩ።

ባለፈው ክረምት ልጄን ሳስጠናት፣ አንድ ቃል እንደጠራሁ ሳቋን አፍና፣ «አባዬ፣ እሷ ፊደል እኮ አትጠራም» አለችኝ። እስከዚያ ቀን በቤቴ አባት አይታረምም ነበር። ጆሮዬ ጋለ፤ ልቆጣ ከወንበሬ ብድግ እንዳልኩ በሩ አጠገብ የቀረው የአባቴ ዱካ ታወሰኝ። ሰው ሲያፍር መነሣት ይቀለዋል፤ ልጁ ግን ከሳቁ ይልቅ ከጎኑ ባዶ የቀረውን ቦታ ያስታውሳል።

«እስቲ ቃሉን አንቺ ጥሪው» አልኳት፣ መልሼ ቁጭ ብዬ።

አባቴ በአንድ ጠዋት ሳቅ ከጎኔ ተነሣ። እኔ በየማታው እየታረምኩ፣ ጆሮዬ እየጋለ፣ እዚያው እቀመጣለሁ።