«ድስቱ የእናንተ ነው» ይሉኝ ለነበሩት ጋሽ አደም

ለምታውቋቸው ሁሉ፤ የነገሌው ልብስ ሰፊ ጋሽ አደም ከፋሲካ በኋላ በዋለው ሐሙስ አርፈው፣ በዚያው ዕለት ቀብራቸው ተፈጽሟል። እኔ የሚስታቸው የአልማዝ ወንድም ነኝ። በሰው ፊት «የእህቴ ባል» ብዬ ጠርቻቸው ስለማላውቅ፣ ይህን መጻፉ እንኳ ያሳፍረኛል።

አባታችን ከጎጃም የመጡ፣ የጦር ሠፈሩ ሃምሳ አለቃ ነበሩ። አልማዝ ሙስሊም ስታገባ ቤታችን ለቅሶ የተቀመጠ መሰለ። ጋሽ አደም ግን «ሃይማኖትሽን ለውጪ» አላሏትም። እሑድ እሑድ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሸኝተዋት ወደ ስፌት መኪናቸው ይመለሳሉ። ሰው ሲጠቋቆምባቸው፣ «እሷም በመንገዷ፣ እኔም በመንገዴ፤ ቤታችን ግን አንድ ነው» ይሉ ነበር። ከማስተምርበት ክፍል ቁምጣው የተቀደደ ልጅ ብልክባቸው፣ የማን ልጅ ነው ሳይሉ ሰፍተው ይመልሱልኛል።

እንግዲህ ጥፋቴን ልናገር። በየፋሲካው በግ ገዝተው፣ ጎረቤታቸውን አቶ ተክሌን ጠርተው፣ በስመ አብ አስብለው ያሳርዱ ነበር። ቢላዋው ለብቻ፣ ድስቱ ለብቻ። እርሳቸውና ልጆቻቸው አይቀምሱትም፤ ድግሱ ለእህቴና ለእኔ ነው።

«አካም፣ መምህር! ድስቱ የእናንተ ነው፤ እጄ አልነካውም» ይሉኛል።

«ጨጓራዬን አሞኛል» እላለሁ፤ ሻይ ጠጥቼ እወጣለሁ። አቶ ተክሌ ሲባርኩ በዓይኔ አይቻለሁ እኮ። ምን ልደብቅ፣ የተጸየፍኩት ሥጋውን አልነበረም።

ዘንድሮ ታመው ሳለ አስጠሩኝ። «በጉን ገዝቻለሁ። አንተው ባርከህ እረደው፤ አሁንስ በምን ታመካኛለህ?» አሉና ሳቁ። እሺ አልኩ። ከዚያም በዓሉን ክብረ መንግሥት ከተማ፣ ጓደኛዬ ዘንድ ሄጄ ዋልኩ።

ሐሙስ ማታ ስመለስ ድንኳን ተጥሏል። በጉ ጓሮ እንደታሰረ ነው። አልማዝ ፊቴን ሳታይ፣ «በአቶ ተክሌ እናሳርደው ብዬው ነበር፤ ‹ቆይ፣ መምህር ይመጣል› እያለ ጠበቀህ» አለችኝ።

ጋሽ አደም፣ አፈሩ ይቅለልዎ። የሐዘኑ ሰሞን ሲያልፍ በጉን በእጄ ባርኬ አረድኩት። ከአልማዝ ጋር ተቀምጠን ከዚያው ድስት በላን፤ ልጆችዎ እጃችንን አስታጠቡን። ጣፋጭ ነበር ጋሼ። ይህችን ቃል ለመስማት ስንት ፋሲካ ደጅ ደጁን አዩ፤ እኔም አመጣሁልዎ፣ የሚሰማኝ ግን የለም። ይቅር ይበሉኝ።