እስከ ዘጠኝ ሰዓት

«ሱስ የለብኝም፤ ስፈልግ አቆማለሁ» ከሚል አጫሽ ጋር በአንድ ክፍል ኖራችሁ ታውቃላችሁ? ባለፈው ሳምንት፣ በማስተምርበት በጊንጪ፣ አንድ ተማሪዬን ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ሲያጨስ አገኘሁት። «ቲቸር፣ ሱስ እኮ የለብኝም» አለኝ። ለሚ ትዝ አለኝና ደሜ ፈላ።

ለሚ አምቦ ስማር የዶርም ጓደኛዬ ነበር፤ የአዲስ ዓለም ልጅ። እሱ ከታች፣ እኔ ከላይ ስለምንተኛ ጭሱ በቀጥታ ወደ እኔ ይወጣል። እኔ ደግሞ አስም አለብኝ፤ እየሳልኩ ተቀምጬ አድራለሁ።

ሁዳዴ ገባ። የአስፋልቱ ዳር አቧራ ዛፉን ሁሉ የሚያለብስበት፣ ፀሐዩ አናት የሚበሳበት ጊዜ ነው። ለሚ በጾም አይታማም። የካፌውን ዳቦ በፌስታል ቋጥሮ ራስጌው ላይ ያንጠለጥልና እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አይቀምስም። ሲጋራውን ግን ገና ዓይኑን ሲገልጥ ይለኩሳል።

«ከቻልክ እሱንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጹመው» አልኩት አንድ ዓርብ፣ ክፍል ባልነበረን ቀን። «ካቃተህ ከዛሬ ጀምሮ ውጪ ታጨሳለህ።»

«ይቺ ምን አላት፣ ፕሮፌሰር» ብሎ ሳቀብኝ። «ከቻልኩስ?»

«ሁለተኛ ስለ ጭስህ አልናገርም።»

እዚህ ላይ ላስረዳ። ኒኮቲን ከደም ቶሎ ይወርዳል፤ ሲወርድ አጫሹ ይነጫነጫል። ቀጣዩን ሲለኩስ ይረጋጋና ሲጋራው የጠቀመው ይመስለዋል። ያስታገሰለት ግን ራሱ ያመጣበትን ሕመም ነው።

ረፋዱ ላይ «ሆን ብለህ ነው የምትስለው» አለኝ። ቀትር ሳይሆን ፓኮውን መፈለግ ጀመረ። ጠዋት ራሱ ፍራሹ ሥር መክተቱን ዘንግቶታል።

«የት አደረግከው?»

«አልነካሁም፣ ለሚ።»

«ሌባ ነህ። ከአንተ ጋር መኖሬ ነው የሚገርመኝ» አለና ሻንጣዬን ወለሉ ላይ ዘረገፈው። የአስም መድኃኒቴ አልጋ ሥር ተንከባለለ። በመጨረሻ ፓኮውን አገኘና ለኮሰ፤ ሁለቴ እንደሳበ ፊቱ ተፈታ።

«ተሸነፍክ፤ ውጣ» አልኩት።

«የምን መሸነፍ? ሲጋራ እህል አይደለም፤ ጾሜን አልገደፍኩም።»

አልወጣም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አማተበና ዳቦውን ቆርሶ፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ «ና ብላ እንጂ» አለኝ። ፍራሼን ተሸክሜ ሌላ ዶርም ገባሁ። እስክንመረቅ ሰላም አላልኩትም፤ አሁንም አልጸጸትም።

ተማሪዬን የመከርኩትን ለእናንተም ልንገራችሁ። ስፈልግ አቆማለሁ የምትሉ ሁሉ፣ ነገ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳታጨሱ ቆዩ። ከዚያ ራሳችሁን አትጠይቁ። አብሯችሁ የዋለውን ሰው «ዛሬ እንዴት ሆኜ ዋልኩ?» በሉት፤ መልሱንም ሳታቋርጡ ስሙት።