ሦስተኛው ቁልፍ

ሥርጉት በፍኖተ ሰላም የታሪክ አስተማሪ ናት። የነገሥታቱን ዘር ማንዘር ሰሌዳ ላይ ስትዘረዝር ትውልና የራሷን ሲጠይቋት ወሬ ትቀይራለች። አባቷ እስኪሞቱ ድረስ፣ ከፈረስ ቤት ከተማ ወዲያ ባለው የትውልድ መንደራቸው ቤተ ክርስቲያን የሚገኘውን ትልቁን የብራና መጽሐፍ «አባቴ መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ናቸው የጻፉት» ይሉ ነበር። ዘመድ አዝማዱ ይስቅባቸው ነበር፤ እሷም አብራ ስቃለች። ከቀበረቻቸው ወዲህ ያ ሳቅ ይቆረቁራታል። የአያቷን ስም መጽሐፉ ላይ አንድ ጊዜ በዓይኗ ማየት ፈለገች።

መንገዱ ሰላም ነው በተባለ ቅዳሜ፣ አሥር አስተማሪዎች አሰባስባ በሹፌሩ በወንዳወቅ ሚኒባስ ለጉብኝት ወጣች። ፈረስ ቤት ሻይ ሲጠጡ ወደ ገበያ የሚያልፉ አንድ ሽማግሌ ቆመው ሰላም አሏቸው። አንገታቸው ላይ ትልቅ የብረት ቁልፍ ተንጠልጥሏል።

«የማን ልጅ ነሽ፣ የኔ እናት?»

«አስተማሪ ነኝ፣ አባቴ።»

ይህ መልስ እንዳልሆነ ታውቃለች። የአያቷን ስም ብትጠራ ዝምድና ሊቆጠር፣ ሳትበዪ አትሄጂም፣ ሳታድሪ አትሄጂም ሊከተል ነው። ሽማግሌው «ይሁን» ብለው ወደ ገበያቸው ሄዱ።

መንደሩ ደረሱ። የድንጋይ ካቡን፣ የጥንቱን ደጀ ሰላም አዩ፤ ፎቶውንም እስኪበቃቸው ተነሡ። የመጽሐፉ ነገር ሲነሣ ግን ቄሰ ገበዙ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዕቃ ቤቱ የሚከፈተው በሦስት ሰው እጅ ባሉ ሦስት ቁልፎች ነው።

«ሁለቱ እዚሁ አሉ። ሦስተኛው አያ እንግዳው አንገት ላይ ነው፤ ቅዳሜ ገበያ ይውላሉ። ምነው አስቀድማችሁ ብትልኩብን!»

ሥርጉት የጠዋቱ ቁልፍ ትዝ አላት፤ በራሷ ተናደደች። እስከ አሥር ሰዓት ጠብቀው ተነሡ።

መንደሩን እንደለቀቁ ዳገቱ ላይ አገኟቸው፤ የጨው ከረጢት ተሸክመዋል። ሚኒባሱን አስቁማ ወረደች።

«አያ እንግዳው፣ ጠዋት የጠየቁኝን አልመለስኩልዎትም። የመሪጌታ ገብረ ኢየሱስ የልጅ ልጅ ነኝ። መጽሐፉን የጻፉት እውነት እሳቸው ናቸው?»

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩዋት።

«ምነው ልጄ፣ ጠዋት ብትነግሪኝ ገበያው ይቅርብኝ አልል ኖሯል? አሁን እኔን ምን አስወራኝ፤ ቁልፉ ይኸው፣ ወጥተሽ አንብቢው።»

ወንዳወቅ ሰዓቱን አየ። ሳይመሽ ፍኖተ ሰላም መግባት አለበት፤ ሊጠብቃት አይችልም።

«መምህርት፣ የት ልታድሪ ነው?»

አያ እንግዳው ከረጢቱን አስያዟትና ወደ ወንዳወቅ ዞሩ።

«ይኼ ምን ይጠየቃል?» አሉት። «አያቷ ቤት ነዋ።»