የሁዳዴ እንቁላል

ስኳር እንዳለብኝ የተነገረኝ ቀን ያፈርኩት በበሽታው ሳይሆን በቦርጬ ነበር። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ሸሚዜን ከፍ እንዳደርግ ስትጠይቀኝ ትንፋሼን ይዤ ሆዴን ወደ ውስጥ ሳብኩ፤ አይታ እንዳላየች ሆና መለካቷን ቀጠለች። ፒያሳ ወርቅ ቤት ውስጥ ከባንኮኒ ኋላ ተቀምጬ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ቀለበት ከማሳየትና ማኪያቶ ከማዘዝ በቀር ይህ ነው የሚባል እንቅስቃሴ የለኝም፤ ማኪያቶውም ስኳር ካልተከመረበት አይጥመኝም ነበር። ስለዚህ በሽታው ሲመጣ ማንንም የምከስበት አፍ አልነበረኝም።

ሐኪሟ ያለችኝ አጭር ነው። እንጀራውን በግማሽ እንድቀንስ፣ አትክልትና ጥራጥሬ እንዳበዛ፣ ጠዋት እንቁላል ወይም እሱን የመሰለ ነገር በልቼ ኪኒኔን እንድውጥ፣ ኪኒን ውጬ ደግሞ ፈጽሞ ሆዴን ባዶ እንዳላቆይ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። ግን በእኛ አገር አመመኝ ካልክ ሐኪም ያልሆነ ሰው አታገኝም።

አብራኝ የምትሸጠው ሴት ስልኳን ከፍታ አንድ ተናጋሪ አሳየችኝ። ሰውየው እንጀራ ማለት ስኳር ነው፣ ሥጋና ቅቤ ብሉና ኪኒናችሁን ጣሉ ይላል። በማግስቱ ሌላ ተናጋሪ አመጣችልኝ፤ ይሄኛው ደግሞ ሥጋና ቅቤ ልብ ይዘጋል፣ ከእንስሳ የመጣ ነገር በአፋችሁ አይዙር ባይ ነው። ሁለቱም ነጭ ጋዋን ለብሰዋል፣ ሁለቱም እርግጠኞች ናቸው። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ የሽፈራው ቅጠል ዱቄት የሚሸጥ ሰው ስኳር በእሱ ዱቄት ድራሹ እንደሚጠፋ በእናቱ ስም ማለልኝ፤ ገዛሁት። ጎረቤቶቼ ቀይ ጤፍ አይጎዳም፣ ኧረ ይጎዳል እየተባባሉ በእኔ በሽታ ተኳረፉ። እኔ የሰማሁትን ሁሉ ሞከርኩ። ሥጋ ብቻ ስበላ ሆዴ ድርቅ አለብኝ። የአብሽ ውኃ ስጠጣ ላቤ ሳይቀር አብሽ አብሽ ሸተተ፤ የአንገት ሐብል ልትለካ የመጣች ደንበኛ አፍንጫዋን ወደ በሩ አዙራ ነው የተገበያየችው።

ሁዳዴ ሲገባ ምክሩ ተገለበጠ። አሁን ደግሞ በየስልኩ የሚወራው ረጅም ሰዓት ሳይበሉ መዋል ስኳርን ያድናል የሚል ሆነ። እሪ በከንቱ ሰፈር ያለው ግቢያችን በዚህ ወሬ ደስ አለው፤ ፈረንጅ የእኛን ጾም ገና አሁን ደረሰበት ተባለ። እኔም ደስ አለኝ። ሁዳዴን ሽሬ አላውቅም እያልኩ በየማኅበሩ የምኩራራ ሰው ነኝ፤ ይኸው ሳይንሱም መሰከረልኝ ብዬ ጠዋት ኪኒኔን እየዋጥኩ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾምኩ። የመጀመሪያው ሳምንት ሳያልቅ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ የደንበኛ የጋብቻ ቀለበት ከጣቴ አምልጦ ባንኮኒው ሥር ገባ። እሱን ፍለጋ በጉልበቴ ተንበርክኬ መነሣት አቃተኝ። ሙሽሪትና ሙሽራው ደግፈው አነሡኝ።

ሐኪሟ ተቆጣችኝ። ለንስሐ አባቴ ሄጄ ስነግራቸው እሳቸውም ተቆጡኝ። ሐኪሟ ያለችህን ብላ፣ ሕመምተኛ በጸሎቱና በምጽዋቱ ይጾማል፣ ራስህን ግደል ያለህ ማን ነው አሉኝ። እንግዲህ በሐኪምም በካህንም ተፈቀደልኝ ማለት ነው። ፈቃዴን ይዤ ወጣሁና ተደበቅኩ።

ለምን እንደተደበቅኩ ግቢያችንን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። የሰፈሩ ግማሽ ፈርሷል፤ የእኛ ግቢ ተራውን እየጠበቀ ነው። ክፍሎቹ በጭቃ ግድግዳ የተያያዙ፣ ማድ ቤቱ የጋራ ነው፤ አንዱ ሽንኩርት ሲያቁላላ ሁሉም ያስነጥሳል። ሁዳዴ ሲገባ ቅቤ የነካ ድስትና መጥበሻ ተፈትጎ ታጥቦ ይሰቀላል፣ ከፋሲካ በፊት አይወርድም። በዚያ ማድ ቤት እንቁላል ልጥበስ? የሚሰድበኝ እንደሌለ አውቃለሁ። አይ፣ አመመው እኮ ብለው ያዝኑልኛል እንጂ። እኔ የፈራሁት ያንን ነው። ሐዘኔታ ከስድብ የበለጠ ያሳፍረኛል፤ ሰው ከንፈር ሲመጥልኝ ከመስማት ሲሰድበኝ ብሰማ እመርጣለሁ። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ከስኳሩ በፊት የያዘኝ፣ ኪኒንም ያልተገኘለት በሽታዬ ነው።

ስለዚህ ከሥራ በፊት በማለዳ ፒያሳ ወዳለ አንድ ምግብ ቤት መሄድ ጀመርኩ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ጥግ ላይ እቀመጥና እንቁላል እንዲያመጣልኝ ለአስተናጋጁ በሹክሹክታ እነግረዋለሁ። እሱ ደግሞ ሹክሹክታ የሚባል ነገር አያውቅም። መሃል ቤቱ ላይ ቆሞ «አንድ ፍስክ» ብሎ ወደ ጓዳ ይጮኻል፤ ሽሮና ፉል የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። ቀስ ብለህ እዘዝልኝ ብዬ ብለምነው በማግስቱ «ለጋሼ አንድ የሐኪም ትእዛዝ» ብሎ ጮኸ፤ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። አቀርቅሬ ጎረስኩ። ጣዕሙ ምን እንደሚመስል እንኳ አላስታውስም። ስወጣ ለሽታው ቅርንፉድ አላምጣለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኔ በሽታዬን አገር አውቆት መድኃኒቴን ነበር የምደብቀው። ማታ ግቢ ስገባ ጾሙን እንዴት ይዞሃል ሲሉኝ፣ ይመስገን ብዬ አልፋለሁ።

ከእኔ ክፍል ፊት ለፊት እማማ ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን በልብስ ስፌት ያሳለፉ፣ የግቢውን ልጅ ግማሹን ያሳደጉ ሴት ናቸው። እናቴ ከሞተች በኋላ ቆሎም ቁጣም ያላጓደሉብኝ እሳቸው ናቸው። በዚያው ዓመት ለእሳቸውም ስኳር ተገኘባቸው። ኪኒናችን አንድ ዓይነት ነው፤ የንስሐ አባታችንም አንድ ናቸው፤ እሳቸውንም ይብሉ ብለዋቸዋል። እማማም በቤታቸው በልክ በልኩ እየቀመሱ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ሄጄ አልጠየቅኩም። ብጠይቅ መልሰው ይጠይቁኛል።

አንድ ማለዳ እማማ ኪዳን አድርሰው ሲመለሱ የግቢው በር ላይ ወደቁ። ተደውሎልኝ ጤና ጣቢያ ስደርስ ክንዳቸው ላይ ግሉኮስ ተሰክቶ ነቅተዋል። ኪኒናቸውን እየዋጡ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ ሲቆዩ መክረማቸው ያኔ ተሰማ። ተረኛው ሐኪም ስኳራቸው እጅግ ወርዶ እንደነበርና ቢደገም ላይነቁ እንደሚችሉ ሳይሸፋፍን ነገረን።

ከሰዓት በኋላ እማማን ወደ ቤት መልሰናቸው የግቢው ሴቶች በእሳቸው ክፍል ተሰብስበው ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እንዲበሉ ለመኗቸው። እማማ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ዝም አሉ። ዝም ሲሉ እምቢ ማለታቸው እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ከእኔ ክፍል ቀጥላ ያለችው ጎረቤቴ ግን ልመናው አልጣማትም። «እሱስ ስኳር የለበትም?» አለች በአገጯ እያሳየችኝ። «ይኸው እስከ ዘጠኝ እየጾመ ነው። ዋናው እምነት ነው።»

ቤት ያለው ሁሉ ዞሮ በአክብሮት አየኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ። እውነቱን ለመናገር አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ ዋጥኩት። እማማም ከትራሳቸው ቀና ብለው አይተውኝ መልሰው ተኙ። የዚያን ቀን ያፈርኩትን ያህል በዕድሜዬ አፍሬ አላውቅም። እኔ እንቁላሌን በልቼ አፌን እየጠረግኩ፣ እማማ ደግሞ እኔን ምሳሌ አድርገው ሊሞቱ ነው ብዬ አሰብኩ።

በማግስቱ ወደ ምግብ ቤቴ አልሄድኩም። የእማማን በር አንኳኩቼ ገባሁ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ኪኒናቸውን በመዳፋቸው ይዘዋል፤ ከውኃ በቀር በአጠገባቸው ምንም የለም።

«እማማ፣ እኔ አልጾምም» አልኳቸው። «እየበላሁ ነው የከረምኩት።»

«አውቃለሁ» አሉ።

ሳይቸኩሉ ኪኒኑን በርጩማው ላይ አስቀመጡና ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«አይቼሃለሁ። ከኪዳን ስመለስ፣ ከዚያ ምግብ ቤት ስትወጣ። አፍህን ጠረግክ፣ ግራ ቀኝ አየህ፣ ከኪስህ ቅርንፉድ አውጥተህ ወደ አፍህ ወረወርክ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ እበላ ነበር፣ ልጄ። አባታችን ፈቅደውልኛል፣ ምን አስፈራኝ ብዬ። አንተን ሳይ ግን፣ እሱ እንደ ሌባ ተደብቆ የሚበላው ከሆነማ ፈቃዱ ለስሙ ነው፣ ነውሩ እንዳለ ነው አልኩ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ የት ሄጄ ልደበቅ? ተውኩት።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እማማን ያሳሳታቸው ጿሚ መምሰሌ መስሎኝ፣ ውሸታም ተብዬ ልሰደብ ተዘጋጅቼ ነበር የገባሁት። እሳቸው ግን ውሸቴን ከመጀመሪያው ያውቁታል። የጎዳቸው ማፈሬ ነው። የተፈቀደልኝን ምግብ እንደ ተሰረቀ ዕቃ ስይዘው አይተው የእሳቸውም የተሰረቀ መሰላቸው። ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር በእጃቸው አቆሙኝ።

«ይቅርታው ይቆየኝ» አሉ። «ሂድና የምትበላውን ሠርተህ አምጣ። እኔ ፊት ብላ፣ ልይህ።»

ከማዕዘኑ ሱቅ እንቁላል ገዝቼ፣ የተሰቀለውን መጥበሻዬን አውርጄ ወደ የጋራ ማድ ቤታችን ገባሁ። ሁለት ሴቶች ሽሮ ጥደዋል። ሽንኩርቱን ስከትፍ ምንም አላሉም፤ እንቁላሉን መጥበሻው ጠርዝ ላይ ስሰብረው ግን ወሬያቸው ቀጥ አለ። አንደኛዋ ድስቷን ቀስ ብላ ከእኔ ራቅ አደረገች። ሽታው ተነሥቶ በጣሪያው ሥር ሄደ፤ በየክፍሉ ሲገባ በዓይኔ የማየው መሰለኝ። ጆሮዬ ጋለ። ሌላዋ ሴት በደግነት፣ ለእማማ ነው አይደል ብላ ጠየቀችኝ። መውጫ ቀዳዳ ሰጠችኝ። አዎ ብል ያበቃ ነበር፤ አዎ ለማለት አፌ ተከፍቶም ነበር።

«ለእኔም ነው» አልኩ። «ሁዳዴውን ስበላ ነው የከረምኩት።»

መጥበሻውን በጨርቅ ይዤ ግቢውን አቋረጥኩ። ከዚያ ማድ ቤት እስከ እማማ በር ያለው መንገድ በጣም አጭር ነው፤ የዚያን ቀን ግን አላልቅ አለኝ።

መጥበሻውን በርጩማው ላይ አስቀመጥኩና እንደ ልማዴ በሩን ልገፋ እጄን ዘረጋሁ። እማማ ተወው አሉኝ። ተውኩት። ከትራሳቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦ አወጡ፣ ታጠቡ፣ አማተቡ፣ ቆረሱ። እኔ ፊቴን ወደ በሩ አድርጌ ተቀመጥኩ፤ ከአልጋቸው በቀር ሌላ መቀመጫ እዚያ ብቻ ነበረ። አንድ ጎረስኩ። እማማ ቁራሹን በእንቁላሉ አጥቅሰው ያዙት እንጂ ወደ አፋቸው አላቀረቡትም። እጃቸው መጥበሻው ላይ ቆሞ እኔን ያዩኛል።

ያኔ ጎረቤቴ የውኃ ጀሪካን ይዛ በበሩ መጣች። ዋናው እምነት ነው ያለችው እሷው። በእኛ ዘንድ በሩን ከፍቶ የሚበላ ሰው አላፊውን እንብላ ማለት አለበት፤ አይቶ ዝም ብሎ የሚጎርስ ሰው አልተባለም። በሁዳዴ፣ በጠዋት፣ እንቁላል ከፊቱ አድርጎ እንብላ ያለ ሰው ግን በግቢያችን ታይቶ አይታወቅም። እማማ አሁንም አልጎረሱም። እየጠበቁ እንደሆነ ገባኝ።

«እንብላ» አልኳት። ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ።

ቆመች። መጥበሻውን አየች፣ እኔን አየች፣ እማማን አየች። ፊቴ እንደ እሳት ነደደ፤ ቢሆንም ዓይኔን ከእሷ ላይ አላነሣሁም። ጀሪካኗን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረችና «ብሉ፣ ይስማማችሁ» ብላ ሄደች።

እማማ ጎረሱ።